ወንድምሽን ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ

ልጄ ሀውላ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ብቆጣሽም ዱዓዬን አልነፍግሽም።

እዚህ የካ አባዶ ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። አጎትሽን ሸረፈዲንን «ወንድሜን ሙአዊያን ለፖሊስ ስጠው፣ እስር ያስተካክለዋል» ያልሽው አንቺ እንደሆንሽ ሰምቻለሁ፤ እሱም እንዳልሽው ሰጠው። እግሩ ሲሰበር ለሕመሙ የታዘዘለት ክኒን ሱስ እንደሆነበት እያወቅሽ! አባታችሁን ስኳር ሲይዘው ማን አሳሰረው?

ምግብ ይዤ ጣቢያ ስሄድ ወንድምሽ ክኒኑ ቀርቶበት እየተንቀጠቀጠ ያስመልሰዋል። ተረኛው ፖሊስ እንኳ «ማዘር፣ ይሄ ልጅ ታሟል፤ ሐኪም ቤት ይውሰዱት» አለኝ። ባዳው ያየውን አንቺ እህቱ ማየት አቃተሽ?

በዋስ አስፈትቼ ሐኪም ቤት አስተኛሁት። ትናንት ትንሽ ሾርባ ጠጥቶ «ሀውላ አልደወለችም?» አለኝ። ያሳሰርሽው አንቺ መሆንሽን አልነገርኩትም።

አላህ ልብሽን ያራራልኝ። እባክሽ ልጄ፣ ደውይለትና ራስሽ ንገሪው።

እናትሽ መብሩካ