በመነጽር ውስጥ ተጠብቆ ሰኞ ስለሚፈርሰው ቤታችን

ለተከበሩ የከተማችን የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎን ይጠብቅልን እያልን ከነቤተሰባችን እንመኛለን። እኛ፣ ቤታችን በመጪው ሰኞ ከመፍረሱ በቀር፣ ደህና ነን።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ደጅዎን ስጠና ከርሜ ከዘበኛዎ ጋር ዝምድና እስከ መፍጠር ደርሻለሁ፤ አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ዛሬም የሉም» እያለ ድካሜን ይቀንስልኛል።

አስቀድሜ ላመስግን። አያቴ ያሠሩት፣ በእንጨት በረንዳውና በጠመዝማዛ ደረጃው የሚደነቀው ቤታችን ቅርስ መሆኑን ከእኛ ቀድሞ ያወቀው ቢሮዎ ነው። ባለሙያዎችዎ ግድግዳውን በጨረር ለክተው፣ ጣሪያውን በድሮን አንስተው፣ ምስሉን በኮምፒውተር ቀርጸው፣ ልዩ መነጽር ያጠለቀ ሁሉ ከአዳራሽ ሳይወጣ ውስጡ እየተዘዋወረ እንዲጎበኘው አደረጉ። ቤቱ ለዘላለም ተጠበቀ ተባለ። ቀጥሎም፣ ለዘላለም ስለተጠበቀ ይፍረስ ተባለ። ሰውን ፎቶ አንስተው ሲያበቁ፣ ፎቶው ስላማረ ባለፎቶውን መቅበር እንዲህ ያለ ጥበብ መሆኑን ሳላውቅ ይህን ያህል ዕድሜ መኖሬ ያሳፍረኛል።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ጊዜዎን እንዳልሻማብዎ በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

፩. እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ብርሃኗን ካጣች ወዲህ ያለ ዱላ፣ ያለ ሰው እጅ የምትንቀሳቀሰው መዳፏን በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እያስኬደች ነው። ልስኑ ሲሻክር ማድቤት ደርሳለች፤ የእንጨቱ ጠርዝ ሲጀምር ደረጃው አጠገብ ናት። በምትክ የተሰጠን አፓርታማ ግን ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው። ልናስለምዳት የወሰድናት ዕለት ጥቂት ዳሰሰችና ቆመች፤ እጇን እስክንይዛት ድረስ ካለችበት አልተነቃነቀችም። በራሷ ቤት እንዲያ ቆማ አይቻት አላውቅም።

፪. ይህን ለባለሙያዎችዎ ባመለክት ከልብ አዘኑ፤ ቤቷ እንዳይናፍቃትም ምስሉ ወደሚታይበት የኤግዚቢሽን አዳራሽ ጋብዘው መነጽሩን አጠለቁላት። ለዓይነ ስውር። እናቴ ሰው ማሳፈር ስለማትወድ አንገቷን ወዲያ ወዲህ እያዞረች «ያምራል፣ ተባረኩ» አለቻቸው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ፈለገች፤ አየር ዳሰሰች፤ ደግማ ፈለገች። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ላም አለኝ በሰማይ በለኛ፣ ልጄ» አለችኝ።

፫. ተራዬ ደርሶ መነጽሩን ባጠልቅ እናቴን እውስጡ ተቀምጣ አገኘኋት። እንደተነገረን መሣሪያው የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ከምስሉ ያጠፋል፤ ሲያጠፋ ግን ምስሉን ስለሚያደበዝዘው በልኬቱ ቀን ቤተሰቡ ደጅ እንዲቆይ ታዘዘ፤ ባለሙያውም መሣሪያውን ተክሎ ራሱ ከክፍሉ ይወጣ ነበር። እሷ ግን የጠዋት ፀሐይዋን ፈልጋ፣ እንደ ልማዷ ግድግዳውን ይዛ ተመልሳ ኖሮ፣ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ሳትንቀሳቀስ ስለተቀመጠች ዕቃ መስላ አለፈች። ቀረብ ስል ማብራሪያ ብቅ አለ፦ «ጥንታዊ ወንበር፣ ከነጨርቅ ልባሱ»። ሰባት ልጆች ያሳደገች ሴት ከቢሮዎ ያገኘችው የመጀመሪያ ዕውቅና ይኸው ነውና ስለ ክብሩ እናመሰግናለን።

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በታች ያለው ግን ቀልድ የለበትም። በረንዳውን ይውሰዱት። ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ የአያቴ ስም የተቀረጸበትን በር ይውሰዱት። እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ኮሪደሩንና ያቺን ባለመስኮት ክፍል ብቻ ይተዉላት። ይህን ያህል ዕድሜ ራሷን ችላ ኖራ፣ የመጨረሻ ዘመኗን በቆመችበት ሰው ስትጠብቅ ማየት አልችልም። እባክዎ። ከሰኞ በፊት።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት እንደሚያነቡልኝ በመተማመን፣ ለጊዜው ከበሩ ቁልፍ ጋር፣ ከሰኞ በኋላ ደግሞ አድራሻዬ በመነጽርዎ ውስጥ ሆኖ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የወንበሯ ልጅ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት እናቴ አንዲት ጥያቄ እንድጨምርላት አዛኛለች፦ «አዳራሹን ማታ ሲዘጉት፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጥኩትን እኔን መብራት ያጠፉብኝ ይሆን? ያጥፉት፣ ጨለማውንስ ለምጄዋለሁ። ግድግዳዬን ብቻ አይውሰዱብኝ በላቸው።»