ጸበል ቦታ የደረሰው ባሕር

ሐሙስ

የሠላም እናት ትናንት ጠዋት አዲስ አበባ አረፉ። ዛሬ ተቀበሩ። ሠላም አልሰማችም።

የነገሩኝ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አክስቷ እትዬ ብርቱካን ናቸው። ሲደውሉልኝ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። የሟች ታናሽ እህት ናቸው፤ ግን አላለቀሱም። ሥራ ላይ ነበሩ። መርዶው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እኔና ሠላም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በጋራ በተከራየናት ቤት ይነገራል። እዚህ አገር መርዶ የሚቀጠረው ሰው ሁሉ ኦፍ በሚሆንበት ቀን ነው። ቄሱም ቢሆኑ ሥራ አላቸው።

እስከዚያ የተደረገውን ዘረዘሩልኝ። ሶሻል ሚዲያ ላይ ነፍስ ይማር ብለው የለጠፉ ሁለት ዘመዶች አንስተዋል። ሊደውሉ የሚችሉ ሁሉ ተነግሯቸዋል። ለሠላም፣ እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ ቦታው ኔትወርክ የለውም ተብሏል። የቀረው ዓርብ ነው። ሠላም ዓርብ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ከነርሲንግ ሆሙም ሥራ፣ ከክፍልም ነፃ ናት።

"ቤት ከዋለች ስልክ ስትጎረጉር ታገኘዋለች" አሉኝ። "ያ ሰው ቁማር ቤት የሚያመላልሰው የካዚኖ አውቶቡስ አለ አይደል? አትላንቲክ ሲቲ ይዘሻት ሂጂ። ስትመኘው ነበር።"

"እትዬ፣ ሰኞ የማስረክበው ጽሑፍ አለብኝ።"

"እኔስ እህቴን ነው የቀበርኩት።"

ትኬት ቆረጥኩ።

ሃያ ዓመት ጋዜጣ ቤት ስሠራ ዜና ከሌላው ቀድሜ ለማውጣት ነበር የምሮጠው። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆኜ መጥቼ፣ ዛሬ ዜና ይዤ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሠላም አጠገቤ ሩዝ ታጥባለች፤ ታንጎራጉራለች። ሽንኩርቱ ጠቀመኝ።

ዓርብ ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ

መንገደኛው በአብዛኛው ጡረተኛ ነው። ሠላም የመስኮቱን ወንበር ያዘች። ገና ጎረቤት ከተማዋን በልትስቪልን ሳናልፍ እናቷ ጋ ሁለቴ ደወለች። አይነሳም።

"ጸበሉ ውስጥ ቀረች እንዴ?" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ይህን መጻፍ አለብኝ። ሳቅሁ።

ዓርብ ከሰዓት

የካዚኖው አዳራሽ መስኮትም ሰዓትም የለውም። ሠላም የዓሣ ሥዕል ያለበት የቁማር ማሽን መርጣ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ስልኳን እጠብቃለሁ።

"ምን ሆነሻል፣ ጋዜጠኛዋ? በቁማሩ የምበላው እኔ፣ ፊት የምታጠቁሪው አንቺ።"

"እግሬን አሞኝ ነው።"

"በይ እንውጣ። እኔ የመጣሁት ለባሕሩ ነው።"

ከትኬቱ ጋር የምሳ ኩፖን ነበረ። ጾም መሆኑ ትዝ ያለን የሥጋው ረድፍ ፊት ሰሐን ይዘን ስንቆም ነው። ጥብስ ድንችና ሰላጣ በላን። ሠላም ድንቹን አገላብጣ አየችውና፣ "ቅቤ ነክቶት ይሆናል፤ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ" አለች።

በባሕሩ ዳር በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ላይ ለእናቷ አንድ ካርቶን ከረሜላ ገዛች። ለስላሳ ነው፣ ጥርሷን አይጎዳም ብላ ነው። ባለሱቁ አቅምሶኝ ነበር፤ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ካርቶኑን ተቀብዬ ያዝኩላት።

ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባች። ስልኳን አወጣች።

"እማዬ፣ ባሕር አይተሽ አታውቂም አይደል? ይኸውልሽ። ድምፁን ስሚው።"

ቪዲዮውን ላከችው። የመላኩ አንድ ምልክት ብቻ ወጣ። የሚደርስ ስላልመሰለኝ አላስጣልኳትም። ጫማዋን እያሰረች ሳለ ምልክቱ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ሰማያዊ።

"አየችው" አለች። "ኔትወርክ አገኘች። እማዬ ጸበል ቦታ ሆና ባሕር አየች።"

አቀፈችኝ። እጇ ቀዝቅዟል፤ አሸዋ ይዟል።

የዘመድ አዝማዱን አፍ ሁሉ ዘግተን፣ የእናትየዋን ስልክ ማንም አላሰበውም።

ዓርብ ምሽት

መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች። ቤት ደርሰን ሻወር ስትገባ ለእትዬ ብርቱካን ደወልኩ። ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷቸዋል። ስልኩን የከፈተው የሠላም ታናሽ ወንድም ነው፤ መልእክቱ ሲጮህ ሳያስበው ቪዲዮውን ነካው። ለቅሶ የተቀመጡት ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ እየተቀባበሉ አዩት።

"ባሕሩን ሁሉም አየው፤ ከእሷ በቀር" አሉ እትዬ ብርቱካን። ያኔ አለቀሱ። ጠበቅኋቸው። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

"ስሚ። ዛሬ ነው ያረፈችው እንበላት። ባሕሩን አይታ።"

"እትዬ፣ ቀኑ ይታወቃል። ዐርባው የሚቆጠረው ከረቡዕ ነው።"

"ዐርባውን እኔ እቆጥርላታለሁ።"

"ሌላውስ ሰው?"

"ሌላውን ለእኔ ተዪው። እሷ ግን የምታምነው አንቺን ነው፤ አብረሻት ነበርሽ። መጀመሪያ የምትጠይቀው መቼ ብላ ነው።"

አስብበታለሁ አልኳቸው። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰውየው ያረፈበት ቀን ብቻ ከተሳሳተ፣ ቤተሰቡ በማግስቱ ይደውል ነበር። የሚያለቅሱበት ቀን ተነክቶባቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ

ውጭ ሦስት መኪና ቆሟል። መብራታቸውን አጥፍተው ሰዓቱን ይጠብቃሉ። እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንደኛው መኪና ውስጥ ከቄሱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ አያቸዋለሁ።

ሠላም ተኝታለች። የከረሜላው ካርቶን ፍሪጁ ላይ ነው። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንዲወሰድ የእናቷን ስም ጽፋበታለች። ትናንት ከመተኛቷ በፊት፣ "መልስ አልላከችም። ግን አየችው፤ ይበቃኛል" ብላኛለች።

በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። መቼ ብላ ወደ እኔ ከዞረች የምመልሰው አንድ ቃል ነው፤ ወይ ረቡዕ፣ ወይ ዓርብ።