ሰዉ የሚጮኽበት ካሴት

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰመራ

ካሴትሽ ተበጥሷል።

ውድ ሜሪ፣

የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የባቡር ሠራተኞች ክበብ ግቢ ውስጥ፣ ከድሬዳዋ የመጡት ልጆች ሮክ ሲጫወቱ መቅጃውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ የቀዳሽው። ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲ ስመለስ የመኪናው ቴፕ በላው።

ልጆቹ በኋላ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብተው ዘፈኖቹን አሳትመዋል። ገዝቼው ነበር። ንጹሕ ነው። አንዴ ሰምቼ ለጋራዥ ሰዎች ሰጠሁት። የእኛው ላይ ጊታሩ ይንጫረራል፣ ዘፋኙን ድምፁ ይከዳዋል፣ ከበሮው ይቀድማቸዋል። ግን ሰው አለበት። ሾፌሩ ሁሉ በሮክ እንዴት እንደሚጨፈር ጠፍቶት እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። አራተኛው ዘፈን ሊጀመር ሲል የጊታሩ ክር ተበጠሰ። እስኪቀይሩለት ሰዉ ይንጫጫል። መካኒኩ አበጀ፣ "ቫልቩን አስተካክሉለት! ይሄ ጊታር ዘይት ይበላል!" ብሎ ጮኸ። አንቺ ሳቅሽ። ሳቅሽን ሳትጨርሺ፣ "ዋሲሁን፣ እግሬን ረገጥከኝ እኮ! አንተ በሬ!" አልሽኝ። ከዚያ ከበሮው ገባ፤ ሰዉ በሙሉ አብሮ ጮኸ።

በጅቡቲ መንገድ፣ ዶቢ ሜዳ ላይ ብቻዬን ስነዳ፣ ካሴቱ እዚያ ጋ ሲደርስ "ይቅርታ" እላለሁ። ሁልጊዜ።

ለአምናው ፋሲካ ስደውልልሽ "እንዴት ነህ፣ አቶ ዋሲሁን?" አልሽኝ። ባልሽ አጠገብሽ እንደነበረ ገብቶኛል። ካሴቱ ላይ አቶ የለም።

ሰመራ ሙዚቃ ቤት ያለው ከማሉዲን የሚባል የወሎ ሰው አለ። ክሩን ቀጥሎ ፍላሽ ላይ እንዲገለብጥልኝ ሰጠሁት። ዛሬ መኪናውን ሎጊያ አቁሜ መጣሁ።

"ጋሼ፣ አብሽሩ! አዲስ አድርጌልዎታለሁ" አለና ከፈተው።

ሦስት ዘፈን ሰማሁ። አራተኛው ወዲያው ተከተለ።

"ሰዉስ?" አልኩት።

"የቱ ሰው?"

"የሚጮኸው።"

"እሱንማ አወጣሁልዎ! ስንት ለፋሁ መሰለዎት። ወላሂ፣ አሁን ስቱዲዮ የተቀዳ ነው የሚመስለው።"

"ከማውጣትህ በፊት የነበረውስ?"

"አጠፋሁት። ምን ያደርግልዎታል?"

"ካሴቱን ስጠኝ።"

ሣቀ። "ቀፎው ይኸው። ክሩን ለጓደኛዬ ለአህመዲን ሰጠሁት። ዱብቲ ማሽላ አለው፣ ወፍ ፈጀበት። የካሴት ክር እንጨት ላይ ሲወጥሩት በነፋስ ይጮኻል፤ ወፍ ዝር አይልም። እርስዎማ ከእንግዲህ አይፈልጉትም ብዬ እኮ ነው።"

ለፍቶልኛል። ፊቴን አይቶ ግን ደነገጠ።

"ከቤተሰብ የሆነ ድምፅ ነበረበት እንዴ?" አለ።

"አዎ" አልኩት። ከቤተሰብ ነበረበት።

"አስተግፊሩላህ! ቢነግሩኝ ምናለ፣ ጋሼ!" ለአህመዲን ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። አዛን ተሰማ። "የአስር ሶላት ሰግጄ ልምጣና ደግመን እንደውላለን። እስከዚያ ሱቁን ያዩልኛል?"

እሺ አልኩት። ይህን የምጽፍልሽ ባንኮኒው ላይ ነው።

ፍላሹ እንደተሰካ ነው፤ ዘፈኑ እየዞረ ነው። ሦስተኛው አለቀ፣ አራተኛው ጀመረ። እግርሽን የረገጠው የለም።

ክሩ ፀሐይና አቧራ ከነካው ወዲያ ድምፅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ተቆራርጦም ይሆናል። ውጭ ነፋስ ተነሥቷል፣ ደጃፉ ላይ የተሰቀለው ሸራ ይርገበገባል። መንገድ ላይ የሚኒባሱ ረዳት "ዱብቲ! ዱብቲ! አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ነው።

ከማሉዲን እስኪመለስ አልጠብቅም። ወንበሩን በሩ ላይ አጋድሜለት እወጣለሁ።

ዋሲሁን