ሶስና በአንተ ድምፅ ተናገረች

አስራት ዓለሜ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ከማንኪራ ስትመለስ ሞተርህ ጭቃው ላይ ከጣለችህ ወዲህ ቦንጋ ዝናቡ ያቆመ አይመስለኝም። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። አንተን ግን በሕይወትህ ዋሽቼህ አላውቅም፣ አሁን ምን ብዬ እዋሽሃለሁ? ደህና አይደለንም።

በራችን አሁን ሁለት መቀርቀሪያ አለው፤ አንደኛው ከላይ ነው፣ ልጃችን ሶስና የማትደርስበት። ባለፈው ዓመት ሳላያት ወጥታ ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልጋት ዋለ። ያገኘናት ወንዝ ዳር ነው። ውሃውን እያየች እጇን ታርገበግባለች፣ ስጠራት ዞር እንኳ አላለችም። መዋዕለ ሕፃናቱም ትንሽ ሞክረው መለሱልኝ፤ ልጆቹ ሲዘምሩ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች አሉ። አምስት ዓመት ሞላት፣ እስካሁን እማዬ ብላ አልጠራችኝም። እኔ አስተማሪዋ የሰውን ልጅ ፊደል ሳስቆጥር እውላለሁ። የወለደ አልጸደቀም ሲሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ሞተርህን ስትፈታ ብሎኖቹን እየደረደረች ትጠብቅልህ እንደነበር ትዝ ይልሃል? አንዷ ብትጠፋ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች፣ አንተም ረዳቴ ትላት ነበር። ሁላችን አፏ ባለመፍታቱ ስንጨነቅ አንተ ትስቅ ነበር። ሁለት ቋንቋ ነው ያደናበራት ብለውን እናትህን በካፊኖኖ እንዳያናግሯት ለመንናቸው። እሳቸው አማርኛው ስለማይሆንላቸው መጥተው፣ አቅፈዋት፣ ዝም ብለው ውለው ይሄዱ ነበር። አሁን ሐኪም ቤት ስወስዳት ሐኪሙ ቋንቋው ምንም አላደረጋትም፣ ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም፣ የንግግር ሕክምና ያስፈልጋታል አለኝ። የት ስለው ጂማ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ አለ። ተሳፈርን። ጩኸቷን ተሳፋሪው አልቻለውም፣ ጊምቦ ሳንደርስ አስወረዱን። በዝናብ ተሸክሜያት ተመለስኩ።

ያ ሲያቅተኝ ነው ጠበል የወሰድኳት። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ ሶስና እሪ አለች። ከዚያ ድንገት ጩኸቷን አቋርጣ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ አታልቅሺ የኔ ልጅ» አለች።

አስራት፣ ያ ያንተ ነው። ከሥራ ስትመለስ ለቅሶዋን ከሰማህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ከአጥሩ ውጭ ሆነህ የምትላት ነው። «የኔ» የምትለዋን ትንሽ እንደምትጎትታት እንኳ አልቀራትም። እንዲህ ያሉ ልጆች የሰሙትን ቃል አኑረው ሲጨንቃቸው መልሰው እንደሚሉት ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ሰዉ ግን እልል አለ፣ መንፈሱ ተናገረ ብሎ። እኔ የአባቷ ቃል ነው ስላቸው ጭራሽ ባሰ። የአባቷ ሙት መንፈስ ይዟታል የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ቄሱ ታገሺ ከማለት በቀር ምንም አላሉም፤ ወሬ ግን ቄስ አይጠብቅም።

ወንድምህ ገብሬ ይህን ሰምቶ ከደካ መጣ። ሶስና እስክትድን ጠበሉ ቦታ ትቀመጥ፣ የአስራት ልብስ ከቤት ይውጣ፣ ስሙም እሷ ባለችበት አይጠራ አለኝ። ክፋት የለበትም፣ ሲናገር ያለቅስ ነበር። ፎቶህን ከግድግዳው ያወረደው በገዛ እጁ ነው። ቅዳሜ ሊወስዳት ይመጣል። እናትህም፣ ጎረቤቱም ከእሱ ጋር ናቸው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞኛል። አንዳንዴ ይውሰዳት፣ እኔም ሰው ልሁን፣ አንድ ቀን ልተኛ እላለሁ። ከዚያ እኔ በሌለሁበት ስትጮህ፣ ያንኑ ቃል ስትል፣ ባለች ቁጥር ደግሞ ውሃ ሲያፈሱባት ይታየኛል። ራሷን የምታባብልበት ሌላ ቃል የላትም። እሱን ነው ሊያስወጡላት የሚፈልጉት። እኔስ አንድ ነገር ብሆን? ይህ ቃል የማን እንደሆነ ማን ይናገርላታል? ጌታዬ ከእሷ በፊት አትውሰደኝ ብዬ እለምናለሁ። እናት እንዲህ ብላ ትጸልያለች?

ቅዳሜ ለገብሬ በሩን እከፍትለታለሁ፣ ወንድምህ ነው፣ ምሳም አቀርብለታለሁ። ልጄን ግን አልሰጠውም። ብቻዬን ከዘመድህ ሁሉ ጋር ተኳርፌ እስከ መቼ እንደምቆም አላውቅም። ፎቶህን መልሼ ሰቅዬዋለሁ፣ ስምህንም እየጠራሁ ነው የማሳድጋት። አልረሳህም አስራት። አንተን የረሳሁ ቀን ልጃችን ምን እንደምትል የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

የሺ