ጨለማችንን ስለሸለሙልን

ለተከበሩ ጓድ ደበሌ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አዋሳ

መጋቢት 7 ቀን 1975 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፦ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት የሚበራው የቢሮዎ በረንዳ አምፖል በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ ከዓይናችን በቀር ደህና ነን።

እኔ ብዙአየሁ ኩማ እባላለሁ፤ ባህል አዳራሽ አጠገብ ብስክሌት የማከራይ፣ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የጎበኘሁና ለሦስተኛ ጊዜ እንዳልመጣ መምህራኑ የለመኑኝ ወጣት ነኝ። በደብዳቤዬ ውስጥ የፊደል ስሕተት ካገኙ በጨለማ የተጻፈ ነው ብለው ይለፉልኝ። የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ስለተቆለፈና ቁልፉም ከኪስዎ ስለማይወጣ፣ ደብዳቤዬን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ማንበብ ይወዳል።

መጀመሪያ ምስጋና። ባለፈው እሑድ በጠቅላላው ስብሰባ ላይ እናቴን ወይዘሮ ካሰችን ከመቀመጫዋ አስነስተው፣ «በኃይል ቁጠባ አርአያ የሆነ ቤተሰብ» የሚል ባለማኅተም የምስክር ወረቀት ሰጥተው፣ ሕዝቡንም አስጨብጭበውልናል። እናቴ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ቤት ስንገባ ግን ምን አድርገን ነው የተሸለምነው ብላ ጠየቀችኝ። ከኅዳር እስከ አሁን የቆጣሪያችን ቁጥር ንቅንቅ ስላላለ ነው አልኳት። «እንዴ! ሽቦው ተበጥሶ የለም እንዴ?» አለች። ይቅርታ ያድርጉላት፤ እናቴ ፖለቲካ አይገባትም።

እንደሚያውቁት፣ ኅዳር ላይ ነፋስ የግራር ቅርንጫፍ ገንጥሎ ወደ ቤታችን የሚገባውን ሽቦ በጠሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ምንም ትግል ቆጣቢዎች ሆነናል። ችግሩ እኅቴ ታቢታ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። በቤታችን ከሰባተኛ ክፍል ያለፈ ሰው ከእሷ በቀር የለም፤ የእኔን ደግሞ ከላይ አንብበዋል። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው። የመብራት ሠራተኞቹ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ካመጣን በማግስቱ እንደሚቀጥሉልን ነገሩን። ዘጠኝ ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። አንድ ጊዜ ጸሐፊዋ የለችም፤ አንድ ጊዜ ማኅተሙ ሴሚናር ሄዷል፤ አንድ ጊዜ እርስዎ አሉ ግን ስብሰባ ላይ ነዎት፣ ስብሰባውም ጊዜን ስለመቆጠብ ነው። በዘጠነኛው የቁጠባ ኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ፍቅሬ አዘነልኝና እውነቱን ነገረኝ፦ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር በቁጠባ እየተወዳደርን ስለሆነ፣ የእኛ ቤት ከበራ ውጤታችን ይወርዳል። «ለሰፊው ሕዝብ ስትል ትንሽ ብትታገስ ምን አለበት?» አለኝ። ሰፊው ሕዝብ በየትኛው ቤት እንደሚኖር ብጠይቀው ከቢሮ አስወጣኝ። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

2ኛ/ ስለ ቤት ለቤት ትምህርቱ። ጓድ ፍቅሬ ከሰል እንዴት እንደሚቆጠብ ሊያስተምረን ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ቦሎቄ ከመቀቀሉ በፊት አድሮ መዘፍዘፍ እንዳለበት፣ ድስት መከደን እንዳለበት፣ ወጡ ሲወርድ የተረፈው ፍም በአመድ መዳፈን እንዳለበት ከያዘው ወረቀት ላይ እያነበበ አስረዳን። እናቴ ይህን ሁሉ ወረቀቱ ሳይጻፍ በፊት ታደርገው ነበር፤ ቢሆንም እንደ አዲስ ነገር ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። የሚያሳዝነው፣ ስለ ክዳን ጥቅም ያስተማረን የድስታችንን ክዳን በእጁ ይዞ ነው። በመጨረሻ እናቴ አልቻለችም፤ «ልጄ፣ እባክህ እሱን መልሰህ ክደነውና ቀጥል» አለችው። ቦሎቄው የበሰለው አሥር ሰዓት ላይ ነው። የተቃጠለውን ከሰል በትምህርት በጀት እንዲያዝልን አመለክታለሁ።

3ኛ/ ስለ መታሰሬ። መመሪያዎ «በቀን የሚበራ መብራት ያየ ማንኛውም ዜጋ ወዲያው ያጥፋ» ይላል። እኔም ዜጋ ነኝ ብዬ፣ ባለፈው ወር በጠራራ ፀሐይ የበረንዳዎን አምፖል አጠፋሁ፤ ስገባ የኮሪደሩን አጠፋሁ፤ አዳራሹንም ሳጠፋው ለካ ውስጥ ስብሰባ አለ። ሁለት ጓዶች ተኝተው ስለነበር አመስጋኝ ነበሩ፤ የቀሩት ግን አሻጥር ነው አሉ። እስከ ማታ አሰሩኝ። ስለ አያያዜ ቅሬታ የለኝም። የታሰርኩበት ክፍል መብራት ሲበራ ዋለ! ግድግዳው ላይ የተጫረውን ሁሉ አነበብኩ። ወዲያው ዘብ ጠርቼ፣ ታቢታም ደብተሯን ይዛ እስከ ፈተናው ቀን ብትታሰርልን ብዬ በትሕትና ለመንኩት። «ወንጀሏ ምንድን ነው?» አለ። ጂኦሜትሪ አልኩት። አልተቀበለኝም።

4ኛ/ ስለ ዲናሞው። ለኩራዝ የሚሆነው ላምባ ከቀበሌው ሱቅ በወር አንድ ጠርሙስ ነው፤ እሱም ሳምንት አይዘልቅም። ስለዚህ ከማከራያቸው ብስክሌቶች አንዱን ቤት አስገብቼ ገለበጥኩት፤ ፔዳሉን በእጄ አዞራለሁ፣ ጎማው ሲዞር ዲናሞው የብስክሌቱን ፋኖስ ያበራል፣ ታቢታም በፋኖሱ ታነባለች። ታሪክ ስታጠና ቀስ እላለሁ፤ ሒሳብ ላይ እፈጥናለሁ፤ ክንዴ ሲዝል ይደበዝዝና «ወንድምዬ፣ ሲ ስኩዌር ላይ ጠፋብኝ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ፋኖሱ ላይ እንዳቀረቀረች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም ሳላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለባዶ ደብተር አበራሁ። በዚያች ግማሽ ሰዓት በብስክሌቱ ቱላ ከተማ በደረስኩ ነበር። ይህን ነገር የሰማው ጓድ ፍቅሬ በማግስቱ መጥቶ፣ መብራቱ ከተፈቀደልን መጠን ማለፍ አለማለፉን መዝግቧል። እዚህ ላይ መቀለድ ፈልጌ ነበር፤ ቀልዱ አልመጣልኝም።

አሁን ደግሞ የምሥራች አለ። ከትናንት በስቲያ ጓድ ፍቅሬ መጥቶ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ እንግዶች አርአያውን ቤተሰብ እንደሚጎበኙና እናቴ በፊታቸው መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እንደምታሳይ አበሰረን። እናቴ መብራት ለማጥፋት መጀመሪያ መብራት መኖር እንዳለበት አስታወሰችው። ብዙ አሰበ። ከዚያም ለጉብኝቱ ብቻ ከጎረቤታችን ከአቶ ሙክታር ቤት ሽቦ እንደሚሳብልንና እንግዶቹ ሲወጡ እንደሚነቀል ቃል ገባልን።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ አራት ወር ሙሉ ማጥፊያ አልነካችም፤ እጇ ከድቷታል። በእንግዳ ፊት ብትሳሳት የቀበሌው ውርደት ነው። ስለዚህ ልምምድ እንዲፈቀድልን እለምናለሁ፦ የአቶ ሙክታር ሽቦ ከዛሬ ጀምሮ ይሳብልን፤ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እናበራለን፣ ሦስት ሰዓት ላይ በሥነ ሥርዓት እናጠፋለን። በመካከሉ ታቢታ አጠገቡ ብትቀመጥ ማንንም አትጎዳም። ለዚህ የሚያስፈልገው የእርስዎ አንድ ፊርማ ነው፤ ቀለም የሚቆጠብ ከሆነ አጭሩን ፊርማዎን ይጠቀሙ።

በቁጠባዎ የተቆጠብኩ፣ በመመሪያዎ የታሰርኩ፣ ሲያገኙኝ ስለማይወዱኝ ሁልጊዜ ከሩቅ የማከብርዎ፣

ብዙአየሁ ኩማ
(ፊርማ)

ማስታወሻ፦ እንግዶቹ ይህን ሁሉ ኃይል እንዴት ቆጠብሽ ብለው እናቴን መጠየቃቸው አይቀርም። ጓድ ፍቅሬ የተወላትን የመልስ ወረቀት ታቢታ ትናንት ከሰዓት በኋላ ስታስጠናት ዋለች፤ ግን ውሸት በአፏ አልዞር አላት፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ አልለመደችም። የሽቦውን ነገር እንዳለ ትነግራቸዋለች። ድምፅ ማጉያ ግን አያዘጋጁ፤ እናቴ በዕድር ስብሰባ ድምፅዋ ያለ እሱ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሴት ናት። ያንን ኤሌክትሪክ እንኳ ቆጥበንልዎታል።