የወጣ ሰው ካርዶች

እሑድ፣ ነሐሴ 19። ሮም

ደክሞኛል። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ካርድ ተጫወትን። ሳሮን በመስከረም ለትምህርት ቶሪኖ ከተማ ልትሄድ ነው። እናቷ ሂሩት ይህን ከሰማች ወዲህ አኩርፋታለች። ልጄ የፍልሚያ ካርዶቿን ያወጣችው ለዕርቅ መሰለኝ።

ካርዶቹን አደለችንና ሕጉን አስረዳችን። ካርዶቹ አውሬዎች ናቸው። አንዱ ሲያጠቃህ በራስህ አውሬ ካልመከትከው ከነፍስህ ነጥብ ይቀነሳል። ነፍሱ ያለቀበት ከጨዋታው ይወጣል። እኔ ልሸነፍ ስል ሳሮን አዘነችልኝና ጠባቂ ካርዷን አዋሰችኝ። እሷ ያለ መከታ ቀረች። ሂሩት ይህን ስታይ ያሏትን አውሬዎች በሙሉ ልጇ ላይ ለቀቀች።

"ማማ፣ ባስታ! በቃ! ሞትኩ እኮ!"

"አንቺው አይደለሽ ልሂድ ያልሽው? ሂጂ!"

ሳሮን ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ካርዶቿን ሰበሰበች። ከእኔም ፊት ጠባቂውን አነሳችው።

"እንዴ፣ የእኔን ለምን?"

"ሕጉ ነው፣ አባዬ። የወጣ ሰው የራሱን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሂሩት በሩን ትንሽ አየችው።

"ተራው ያንተ ነው" አለችኝ።

ካርዶቼን ይዤ ቆየሁ። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር እንዴት እንደሚጫወቱ ሳሮን አላሳየችንም።