አባዬ፣ የሰጠሁህን ቃል አጥፌያለሁ

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

አፈር ካለበስንህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ፊት «እርስዎ» እልህ ነበር፤ ቤት ስንገባ ግን አንተ ነበርክ። ዛሬም የምጽፍልህ እንደ ቤታችን ነው፤ የምነግርህ ነገር በአክብሮት ተሸፋፍኖ የሚነገር አይደለምና።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። አንተ «የመንግሥት እንጀራ» የምትለውን፣ ወር በመጣ ቁጥር ሳይዛነፍ የሚገባውን ደሞዝ፣ ጡረታውን፣ ሁሉንም ትቼ ከሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወጣሁ። ልትሞት ሳምንት ሲቀርህ እጄን ይዘህ «ዘይነባ፣ ያንን ወንበር እንዳትለቂ» ብለኸኝ «እሺ አባዬ» ብዬህ ነበር። ያንን እሺታ አጥፌያለሁ። የምጽፍልህ ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም፤ ነገሩን ከራሴ አፍ እንድትሰማው ነው።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ። እማ ደህና ናት፤ ብርዱ ሲበረታ ወገቧን ያማታል እንጂ። የስፌት መኪናህ አሁንም መስኮቱ ሥር ናት። ወንድሜ ጀማል ሊሸጣት ፈልጎ እማ «እኔ ቆሜ!» ብላ ከለከለችው። ቤታችን ጎን አዲስ ፎቅ ተሠርቶ የከሰዓቷን ፀሐይ ወስዶብናል።

አንተ ዕድሜህን ሙሉ ገበያው በረንዳ ላይ ልብስ ስትሰፋ ኖርክ። ዝናቡ ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ ጨርቁን በላስቲክ ትሸፍንና አንተ እየራስክ እስኪያባራ ትጠብቃለህ። ሥራ የጠፋበትን ሳምንት ከፊትህ አውቀው ነበር። ስለዚህ ስመረቅ ነጩን ጋዋን ራስህ ሰፍተህ ስታለብሰኝ ለምን እንዳለቀስክ ይገባኛል። ልጅህ ዝናብ የማያገኛት ቦታ ተቀመጠችልህ። ግን አባዬ፣ አንተ ራስህ ለአንድ ቀን እንኳ አለቃ ኖሮህ አያውቅም። የወረዳ ሹም ያመጣውን ጨርቅ «ይህ አንሶላ ነው እንጂ ኮት አይሆንም» ብለህ ስትመልስበት እዚያው ቆሜ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ያሳደጋት ልጅ የማታምንበትን እየሠራች ወንበሯን አቅፋ ትቀመጣለች ብለህ እንዴት አሰብክ?

ቀኝ እጅህንም አስታውስ። ስትሮክ መትቶህ ግማሽ ጎንህ ሲዝል እኔ በምሠራበት ሆስፒታል አሥር ቀን ተኛህ። ከዚያ እንደማንኛውም ታካሚ የልምምድ ወረቀት ተሰጥቶህ ወደ ቤት ተላክህ። መቀስ ለመያዝ ያበቃህ ያ አሥር ቀን አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ፣ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ጣቶችህን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ፣ አንተ እየተራገምክ እኔ እየተቆጣሁህ ነው የዳንከው። «አንቺን የወለድኩ ቀን ምን ነካኝ» ትለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ለማንም ሳትናገር የሸሚዝህን ቁልፍ ራስህ ሰፍተህ፣ ለብሰኸው ወደ መስጊድ ወጣህ። እማ ደጃፍ ድረስ ተከትላህ ቁልፉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ሕክምና ማለት ምን እንደሆነ ኮሌጅ ሳይሆን ያንተ አልጋ ጎን ነው የገባኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ በነበረው ክረምት ጋሽ ቃበቶ የሚባሉ ገበሬ ከጎበሳ መጡ። ጭናቸው ተሰብሮ ቀድሞ እኛው ጋ ታክመው የሄዱ ሰው ናቸው። ከአምስት ወር በኋላ ሲመለሱ ጉልበታቸው እንጨት ሆኗል፤ አልታጠፍም ብሏል።

«የሰጠሁዎትን ልምምድ አልሠሩም እንዴ?» አልኳቸው በኦሮምኛ።

ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ምንም አልተጨማደደም፤ ዝናብ አልነካውም።

«ይኸው ልጄ፣ አልጣልኩትም» አሉኝ።

ማንበብ አይችሉም። ያነበበላቸውም የለም። ወረቀቱን መያዝ ራሱ ሕክምና መስሏቸው አምስት ወር በደረታቸው ይዘውት ዞሩ። ጽሑፉ የእኔ ነው አባዬ፤ በችኮላ፣ ያውም በአማርኛ የጻፍኩት። እሳቸው ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ እኔም ኦሮምኛ ተናጋሪ፤ ቁጭ ብዬ በእጄ ላሳያቸው ስችል ደጅ ሰው ተሰልፏል ብዬ ወረቀት አስይዤ ሸኘኋቸው። እንደዚያ የሸኘኋቸው ስንት እንደሆኑ አላውቅም።

በማግሥቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «በሳምንት አንድ ቀን ወጥቼ ቤታቸው የተመለሱትን ልከታተል» አልኩት። «ከግቢ የወጣ በሽተኛ የእኛ አይደለም» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። አራተኛ ስገባ የሥራ መልቀቂያዬን ይዤ ነበር።

ወሬው ቤት ሲደርስ ታላቅ ወንድምህ፣ አጎቴ ከድር፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። «የአባትሽን አደራ በላሽ» አሉኝ። ስምህ ሲነሳ አንገቴን አልደፋሁም። «አጎቴ፣ ጎበሳ ያሉትን ሰውዬ ጉልበት ማን ይይዝልኝ? እርስዎ ይሄዳሉ?» አልኳቸው። ያን ጊዜ እማ ተነሳች። «ቃሉን የተቀበለው ባሌ ነው። እሱ ከሌለ የቃሉ ባለቤት እኔ ነኝ። ከቃሏ ፈትቻታለሁ» ብላ ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ፈቃድ ሊሰጡ የመጡት ሰዎች ደረጃውን አይተው «ዊልቸር አያስገባም» ብለው ተመለሱ። እውነታቸውን ነው። ጀማል ሲሚንቶ አቡክቶ ደረጃውን ዳገት አደረገው፤ አከራዩ ለአንድ ወር አኮረፈን። ሁለተኛ ሲመጡ ፈቀዱልኝ። በሩ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰው ግን «ወጌሻዋ» ብሎ ጠራኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ ተውኩት። ከዳኑ ምን ብለው ቢጠሩኝ ምን ቸገረኝ?

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ሦስት ሳምንት አንድም ሰው አልመጣም። አንድ ጠዋት እግሬ ሳይታዘዝ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደኝ። በሩ ላይ ቆሜ የቀድሞ ባልደረቦቼ ሲገቡ አየሁ። ያንን ወንበር እንዳትለቂ ያልከኝ ድምፅህ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ ጋሽ ቃበቶ ትዝ አሉኝ፤ ዞሬ ቁልቁል ወረድኩ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሰው ይመጣልኛል ብዬ መጠበቄን ትቼ ራሴ ወደ ጎበሳ ሄድኩ።

ጋሽ ቃበቶ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለእሳቸው፣ ለሚስታቸው፣ ለልጃቸው እየደጋገምኩ በእጄ አሳየኋቸው፤ ወረቀት አልሰጠሁም። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዷ እናቷን፣ ሌላው ወንድሙን እንድመለከትለት አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የጎበሳ ነው፤ በሌላው ቀን ክፍሌ ባዶ አይውልም። የጋሽ ቃበቶ ጉልበት እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ዘግይቻለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ወር ግን ልጃቸው ሊደግፋቸው ሲል በክርናቸው ገፍተውት ፈረሳቸው ላይ ብቻቸውን ወጡ።

አጎቴ አሁንም በደጄ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያዙሩ።

አንተ ብትኖርም የምትቆጣኝ ይመስለኛል። ምናልባት ሳምንት አታናግረኝም ነበር፤ እኔም ሳምንቱን ችዬ አልመለስም ነበር። አላህ ይዘንልህ አባዬ። ጉንጬን በመርፌ በተበሳሳ ጣትህ መቆንጠጥህን፣ ለእኔ ብለህ የራስክበትን ዝናብ፣ ስትስቅ አፍህን በመዳፍህ መሸፈንህን፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳም። ልጅ ብወልድ እነግረዋለሁ። ፍርሃትህን ግን አልወርስልህም። እሱን እዚያው አፈሩ ሥር ይዘኸው እረፍ።

ልጅህ ዘይነባ፣ አሰላ